በግል ጉዳይ ምክንያት



ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ብዕሬን አንስቼ መልሼ አስቀምጫለሁ። ርዕሰ ጉዳዩ የሚያሳፍር ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ በጉዳዩ ውስጥ የእኔም ጥፋት ስላለበት ነው። የሌላውን ሰው ጥፋት መጻፍ ይቀላል። ነገር ግን መምህር የተባለ ሰው የተሳሳተ ምክር ከሰጠ፣ ምክሩን የሰሙት እንዲያውቁት አድርጎ ማረም አለበት ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ የልጅቷንና የእናቷን ፈቃድ ጠይቄ ይኸው ጻፍኩት። የሰውም፣ የድርጅትም፣ የከተማም ስም ግን አልጠቅስም፤ ዓላማዬ ማንንም ማዋረድ ስላልሆነ።

ነገሩ የሆነው በ2015 ዓ.ም ነው። ከዐስር ሰላት በኋላ ተማሪዎቼን አሰናብቼ ሉሖቹን እየሰበሰብኩ ሳለ አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር የመድረሳው በር ላይ ቆመው አየሁ። ልጅቷን ከትንሽነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ ከአሊፍ ጀምራ እኔ ዘንድ የቀራች ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደ ጨረሰች የሒሳብ አያያዝ ተምራ በአንድ የሸቀጥ ማከፋፈያ ድርጅት ገንዘብ ተቀባይ ሆና ተቀጥራ ነበር። ሁለት ዓመት ሠርታለች። አባቷ በሕይወት የሉም። እርሷ በወር የምታገኘው 4,500 ብርና እናቷ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡበት ገንዘብ ተደምሮ ነው ቤቱን የሚያቆመው።

“ኡስታዝ፣ ልጄ ችግር ገጥሟታል፤ ምክር ፈልገን ነው የመጣን” አሉኝ እናትየዋ። ልጅቷ ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። እናት ቃል እየመረጡ፣ መሐል ላይ እያቋረጡ፣ እንደምንም ነገሩኝ። የድርጅቱ ባለቤት ራሱ ሥራ አስኪያጅ ነው። ሌሎቹ ሠራተኞች ከወጡ በኋላ “ሒሳብ እንመርምር” እያለ ያስቀራታል፤ በር ይዘጋል፤ ገንዘብ ስትቆጥር እጇን ይይዛል። ደመወዝ እንደሚጨምርላት ይነግራታል። ለዕቃ ግዢ ወደ ሌላ ከተማ አብራው እንድትሄድና እዚያው እንዲያድሩ ጠየቃት። አሻፈረኝ ስትል “የሒሳብ ጉድለት አለብሽ፤ ለፖሊስ እሰጥሻለሁ” አላት። ጉድለት አልነበረባትም።

ሰውየውን አውቀዋለሁ። ጁሙዓ ከፊተኛው ረድፍ አይጠፋም። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት የመድረሳችን ጣራ ሲያፈስ፣ ሠላሳ ቆርቆሮ ጭኖ ያመጣልን እርሱ ነው። እናትየዋ የማንን ነገር እንደሚነግሩኝ ሲገባኝ፣ ዓይኔ ወደ ላይ ወደ ቆርቆሮው እንደ ሄደ ዛሬም አስታውሳለሁ።

ከዚያ በኋላ ምን አልኩ? በመጀመሪያ “አለባበስሽን አስተካክለሽ ነው ወይ የምትሄጂው?” ብዬ ጠየቅኳት። ልጅቷ ከፊቴ የቆመችው በሒጃብ ነበር፤ ወደ ሥራም የምትሄደው እንደዚያው ነው። ቀጥሎ ስለ ሶብር ተናገርኩ፤ አላህ ከታጋሾች ጋር እንደሆነ፣ ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) በስንት ፈተና ታግሰው እንዳለፉ አስረዳሁ። በሦስተኛ ደረጃ፣ ነገሩ ከወጣ የልጅቷ ስም እንደሚጎድፍና ትዳሯም እንደሚሰናከል ነገርኳቸው። በመጨረሻም “ነገር ሳይሰፋ ሥራውን በሰላም ልቀቂ፤ ሪዝቅ በአላህ እጅ ነው” አልኩ።

እናትየዋ የሥራ መልቀቂያውን እንድጽፍላቸው ለመኑኝ። የእጅ ጽሑፌ ጥሩ ነው ይባላል፤ በሰፈራችን ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ሲፈለግ እኔ ዘንድ ይመጣል። ወረቀት አወጣሁና “በግል ጉዳይ ምክንያት ሥራዬን በገዛ ፈቃዴ የለቀቅኩ መሆኑን በትሕትና አስታውቃለሁ” ብዬ ጻፍኩ። ልጅቷ ፈረመች። እኔም መልካም ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ወደ መግሪብ ሰላት ሄድኩ።

ከአራት ወር ገደማ በኋላ ነው። እኔ ዘንድ የቀራ፣ በኋላም ሕግ ተምሮ ጥብቅና የጀመረ አንድ ወጣት ለዒድ ሊጠይቀኝ መጣ። በጨዋታ መሐል ስም ሳልጠራ ነገሩን አነሳሁለት፤ ሥራውንም በሰላም እንዳስለቀቅኳት ነገርኩት። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። “ኡስታዝ፣ ደብዳቤው ላይ ምን ተብሎ ተጻፈ?” ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ዝም አለ። በማግስቱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ይዞልኝ መጣና አጠገቤ ተቀምጦ አነበበልኝ።

እኔ የተማርኩት እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ የቀረው ዕውቀቴ ከመድረሳ ነው። የመንግሥት አዋጅ አንብቤ አላውቅም ነበር። እዚያ ያየሁትን እህቶቻችንም ወንድሞቻችንም እንዲያውቁት በአጭሩ ላስፍር።

ከዚህ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ስለዚህ ጉዳይ በስም አይናገርም ነበር። አሠሪ የሠራተኛውን ሰብአዊ ክብርና ሞራል የሚነካ ድርጊት ከፈጸመ ሠራተኛው ያለማስጠንቀቂያ ሥራውን ሊለቅ ይችላል ከማለት በቀር። የ2011ዱ አዋጅ ግን ነገሩን በስሙ ጠርቶታል። በአንቀጽ 2 ላይ ወሲባዊ ትንኮሳ ምን እንደሆነ ተተርጉሟል፤ ፍሬ ነገሩ አንድን ሰው ያለ ፈቃዱ ለወሲብ እንዲስማማ በንግግር፣ በምልክት ወይም በሌላ መንገድ መገፋፋት ነው። ኃይል ከተጨመረበት ወይም ኃይል ለመጠቀም ከተሞከረ ደግሞ ወሲባዊ ጥቃት ይባላል። እንግዲህ በሕጉ ዓይን ትንኮሳ ለመባል የግድ እጅ መዘርጋት አያስፈልግም፤ ቃልና ምልክትም ይበቃል። አንቀጽ 14 ይህን ድርጊት በሥራ ቦታ መፈጸምን ለአሠሪም ለሠራተኛም ከልክሏል።

ከሁሉ ይበልጥ የቆጨኝ አንቀጽ 32 ነው። አሠሪው ወይም የሥራ መሪው ወሲባዊ ትንኮሳ ወይም ጥቃት የፈጸመበት ሠራተኛ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን የመልቀቅ መብት አለው። ድርጊቱን የፈጸመው የሥራ ባልደረባ ከሆነና ለአሠሪው ተነግሮት ተገቢውን እርምጃ ካልወሰደም እንዲሁ ነው። በዚህ ምክንያት የለቀቀ ሰው የሥራ ስንብት ክፍያ ያገኛል፤ በዚያ ላይ የቀን ደመወዙ በ90 ተባዝቶ ካሣ ይከፈለዋል። ነገር ግን ሁለት ነገሮች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ የሚለቅበትን ምክንያት በጽሑፍ ለአሠሪው ማሳወቅ አለበት። ሁለተኛ፣ ድርጊቱ ከተፈጸመበት ወይም ከቆመበት ቀን አንሥቶ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀመበት መብቱ ይቀራል።

ወጣቱ ወረቀት ላይ አሰላልኝ። የልጅቷ የቀን ደመወዝ 150 ብር ነው። በ90 ሲባዛ 13,500 ብር ይሆናል። የስንብቱ ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለሁለተኛው ዓመት ደግሞ የዚያ አንድ ሦስተኛ ስለሚታከልበት 6,000 ብር ነው። ድምሩ 19,500 ብር። የእናትና የሦስት ልጆች ቤት ከአራት ወር በላይ የሚቆምበት ገንዘብ ነው። እኔ “በግል ጉዳይ ምክንያት” የሚሉ ሦስት ቃላት ጽፌ አስቀረሁባት።

የገንዘቡ ነገር እንዳለ ሆኖ፣ የባሰው ሌላ ነው። ያ ደብዳቤ ውሸት ነበር። ልጅቷ የለቀቀችው በግል ጉዳይ አልነበረም፤ ጉዳዩ የሰውየው ነበር። እኔ በእጄ ጽሑፍ የእርሱን ጥፋት የእርሷ የግል ጉዳይ አድርጌ መዘገብኩት።

በሳምንቱ ከወጣቱ ጋር ሆነን እናትና ልጅን ይዘን ጉዳዩ ወደሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ሄድን። የተቀበሉን ሰው ትሑት ነበሩ። ደብዳቤውን አነበቡና “በገዛ ፈቃዷ በግል ጉዳይ እንደለቀቀች ራሷ ፈርማለች፤ ጊዜውም አልፏል። ያን ጊዜ ብትመጡ ኖሮ!” አሉን። ስንወጣ ልጅቷ አላለቀሰችም። እኔ ግን በመንገድ ላይ ቆሜ ይቅርታ ጠየቅኳት። ያን ጊዜ የመለሰችልኝን እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳውም።

“ኡስታዝ፣ ሱረቱ ዩሱፍን ያቀሩኝ እርስዎ ነዎት። ዩሱፍ እኮ ተናግረዋል።”

ያን ሌሊት ከዒሻ በኋላ ሙስሐፉን ከፍቼ ሱረቱ ዩሱፍን እንደ ጀማሪ ተማሪ አነበብኩ። በሃያ ዓመት የማስተማር ዘመኔ ስንቴ እንዳቀራሁት አላህ ይወቀው። ታሪኩ ሁላችንም የምናውቀው ነው። ዩሱፍ (ዐ.ሰ) በሰው ቤት የሚያገለግሉ ወጣት ናቸው። ሥልጣን ያላት የቤቱ እመቤት ናት። በሮቹን ዘግታ ጠየቀቻቸው፤ እርሳቸው በአላህ ተጠብቀው ወደ በሩ ሮጡ፤ ቀሚሳቸውን ከኋላ ቀደደችው። በሩ ላይ ባሏን ሲያገኙት፣ ቀድማ የከሰሰች እርሷ ናት። የተዘጋ በር፣ በሥልጣን መገፋፋት፣ እምቢ ሲባል ደግሞ የሐሰት ክስ! የልጅቷ ታሪክ አንድ በአንድ እዚያ ነበር፤ ልዩነቱ በዳዩ ሴት፣ ተበዳዩ ወንድ መሆናቸው ብቻ ነው። ሕጉም ቢሆን ወንድ ሴት ሳይል ተበዳዩን ሁሉ የሚጠብቅ መሆኑን ሳስብ ይበልጥ ገረመኝ።

ታዲያ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) ምን አደረጉ? ዝም አላሉም። የጠየቀቻቸው እርሷ መሆኗን እዚያው በሩ ላይ፣ በባሏ ፊት ተናገሩ። ከቤተሰቧ የሆነ ሰውም ማስረጃ እንዲታይ መሰከረ፤ ቀሚሱ ከፊት ተቀዶ እንደሆነ እርሷ እውነተኛ፣ ከኋላ ተቀዶ እንደሆነ እርሳቸው እውነተኛ። ቀሚሱ ታየ፤ ከኋላ ነበር። ባልየው እውነቱን አወቀ። ነገር ግን ምን አለ? ዩሱፍን ነገሩን እንዲተዉት ነገራቸው፤ ሚስቱን ይቅርታ እንድትለምን አዘዛትና ጉዳዩን ዘጋው። ከዚያም ምልክቱን ሁሉ ካዩ በኋላ፣ እስር ቤት የገቡት ዩሱፍ ናቸው።

እዚህ ላይ ስደርስ ሙስሐፉን ዘግቼ ተቀመጥኩ። እኔ ለልጅቷ የነገርኳት የዩሱፍን ሶብር አልነበረም። የዐዚዙን ቃል ነበር፤ “ነገሩን ተዪው” ነበር ያልኳት። የዐዚዙን ቃል በዩሱፍ ስም ሰጠኋት።

የዩሱፍ ሶብርስ ምን ነበር? እምቢ ማለት፣ እውነቱን መናገር፣ በዚህም የመጣውን መከራ መቻል። ከዓመታት በኋላ የንጉሡ መልእክተኛ ከእስር ሊያወጣቸው ሲመጣ እንኳ ወዲያው አልወጡም፤ የሴቶቹ ጉዳይ አስቀድሞ እንዲጣራ ጠየቁ። ሴቶቹ ተጠይቀው እውነቱን ከመሰከሩ በኋላ፣ ስማቸው ነጽቶ ወጡ። በ“ግል ጉዳይ” አልወጡም።

ውድ አንባብያን፤ ይህን ነገር ለአንዳንድ ወንድሞች ባነሣሁ ጊዜ ሦስት ዓይነት መልስ ነው ያገኘሁት።

አንደኛው “ሴት ልጅ ሥራ ፍለጋ ባትወጣ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር” የሚል ነው። እነዚህን ወንድሞች ወደ ሱረቱል ቀሶስ እመልሳቸዋለሁ። ሙሳ (ዐ.ሰ) መድየን ውኃ ላይ ሲደርሱ፣ ወንዶች ከብቶቻቸውን ሲያጠጡ ሁለት እህትማማቾች በጎቻቸውን ከልክለው ቆመው አገኙ። ለምን ወጣችሁ ብለው አልገሠጿቸውም። ምን እንደሆኑ ጠየቁ፤ አባታቸው ሽማግሌ መሆናቸውን ሰሙ፤ አጠጡላቸውና ምንም ሳይጠይቁ ወደ ጥላው ዞር አሉ። በኋላ አባትየው ሙሳን ሲቀጥሯቸው፣ ሊያስቸግሯቸው እንደማይፈልጉ አስቀድመው ነገሯቸው። የሙእሚን ወንድና የሙእሚን አሠሪ ምሳሌ ይኸው። ጃቢር (ረ.ዐ) እንዳወሩትም፣ አክስታቸው ተፈትተው በዒዳ ላይ ሳሉ ተምራቸውን ለመቁረጥ መውጣት ፈልገው አንድ ሰው ቢከለክላቸው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንዲወጡ ፈቅደውላቸዋል። አባት የሌላት፣ ታናናሾቿን የምታሳድግ ልጅ ለምን ወጣች ከማለት በፊት፣ እኛ ምን አደረግንላት?

ሁለተኛው “አለባበስ ነው ጥፋቱ” የሚል ነው። ሒጃብ የአላህ ትእዛዝ ነው፤ በዚህ አንከራከርም። ነገር ግን በሱረቱን ኑር ውስጥ ዓይናቸውን እንዲሰብሩ በመጀመሪያ የታዘዙት ወንዶች ናቸው፤ የሴቶቹ ትእዛዝ የመጣው ቀጥሎ ነው። በሐጅ ላይ አንዲት ሴት ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጥያቄ ልትጠይቅ ብትመጣ፣ ከኋላቸው የተቀመጡት ፈድል ኢብኑ ዐባስ ይመለከቷት ጀመር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የፈድልን ፊት በእጃቸው ወደ ሌላ አዞሩት። ሴትየዋን ሂጂ አላሏትም፤ ጥያቄዋንም መለሱላት። እኔ ያን ቀን ማዞር የነበረብኝ የወንዱን ፊት ነበር፤ የልጅቷን ሒጃብ መመርመር ጀመርኩ።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚከብደው ነው። “አራት ምስክር ሳይኖር የሰውን ስም ማንሣት ቀዝፍ ነው፤ ሰማንያ ጅራፍ ያስገርፋል” ይላሉ። ቀዝፍ ከባድ ወንጀል መሆኑ እውነት ነው፤ ማንም በማንም ላይ በውሸት እንዳይናገር አላህን ይፍራ። ነገር ግን ቀዝፍ ማለት ሰውን በዝሙት መወንጀል ነው። “እጄን ያዘኝ፣ በር ዘጋብኝ፣ አስፈራራኝ” ብሎ አቤት ማለት የተበዳይ አቤቱታ ነው። አላህ በሱረቱን ኒሳእ ውስጥ ክፉ ንግግር ይፋ መውጣቱን እንደማይወድ ገልጾ፣ የተበደለውን ሰው ግን ለይቶ አውጥቶታል። በሶሒሕ ሙስሊም እንደ ተዘገበው፣ የመዲና ሙናፊቆች አለቃ የነበረው ሰው ገረዶቹን ለገንዘብ ሲል ወደ ዝሙት ያስገድዳቸው ነበር፤ እነርሱም ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አቤት አሉ። አራት ምስክር አምጡ አልተባሉም። የሱረቱን ኑር አንቀጽ ወረደላቸው፤ ማስገደዱን ከለከለ፤ የተገደዱትን አላህ መሐሪና አዛኝ እንደሚሆንላቸው አበሠረ። በዚያ ዘመን ከገረድ በታች ማን ነበር? ከዚያ ሰው በላይስ ማን ባለ ሀብት ነበር? የሰማዩ ፍርድ ግን ለገረዶቹ ሆነ።

ስለዚህ የ2011ዱ አዋጅ ከእኛ ሃይማኖት ጋር የሚጣላ ነገር አላየሁበትም። ዙልምን የሚከለክል ሕግ ከየትም ይምጣ የሙስሊም ወዳጅ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 625ም እንዲሁ ነው። የሴትን ችግር ወይም በእርሷ ላይ ያለውን ሥልጣን መጠቀሚያ አድርጎ ከእርሷ ጋር የግብረ ሥጋ ግንኙነት ወይም ሌላ ለክብር ተቃራኒ የሆነ ድርጊት የፈጸመ ሰው፣ በእርሷ አቤቱታ በቀላል እስራት እንደሚቀጣ ይደነግጋል። አንቀጹ አሳዳጊን፣ መምህርን፣ ጌታንና አሠሪን በስም ይጠቅሳል። መምህር የሚለውን ቃል ሳይ ደነገጥኩ፤ እኛም ዑለማእና ኡስታዞች ከዚህ ውጭ አይደለንም።

ሕጉ ሁሉን ይሸፍናል ማለቴ አይደለም። በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እህቶቻችን በዚህ አዋጅ አይተዳደሩም፤ ከሁሉ ይበልጥ በሩ የሚዘጋባቸው ደግሞ እነርሱ ናቸው። ከወሎ ምድር ስንቶቹ ልጆቻችን ናቸው በዐረብ አገር በሰው ቤት የሚያገለግሉት! ሳዑዲ ዐረቢያ እ.ኤ.አ. በ2018 ትንኮሳን የሚቀጣ ሕግ አውጥታለች፤ ቅጣቱ እስከ ሁለት ዓመት እስራትና እስከ 100,000 ሪያል ሲሆን፣ ድርጊቱ በሥራ ቦታ ከተፈጸመ ወይም በዳዩ በተበዳይዋ ላይ ሥልጣን ካለው እስከ አምስት ዓመትና እስከ 300,000 ሪያል ይደርሳል። ነገር ግን ቋንቋ የማታውቅ፣ ፓስፖርቷ በሌላ ሰው እጅ ያለ ልጅ ሕጉን በምን ትደርስበታለች? ሕግ የሚሠራው የሚያውቀው ሰውና አብሮ የሚቆም ወገን ሲኖር ነው። እዚህ አገር ቤት የነበረችው የእኔ ተማሪ እንኳ፣ በገዛ ቋንቋዋ የተጻፈ ሕግ እያለላት የሚነግራት አጣች።

የኋለኛውን ልንገራችሁ። ልጅቷን አስፈቅጄ፣ አንድ የተከበሩ አዛውንት ሸህ ይዤ ሰውየው ዘንድ ሄድኩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በዳይንም ተበዳይንም እርዱ ብለው፣ በዳይን መርዳት ከበደሉ መከልከል መሆኑን አስተምረዋልና። ሰውየው በመጀመሪያ ካደ። ቀጥሎ ተቆጣ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሮ “አንተ ደግሞ ከማን ቆርቆሮ በታች ተቀምጠህ ነው የምታስተምረው?” አለኝ። ሸሁ ቀስ ብለው፣ ሶደቃን በመመጻደቅና በማስከፋት እንዳናበላሽ የሚያዘውን የሱረቱል በቀራ አንቀጽ ቀሩለትና ተነሣን። ከዚያ ወዲህ ከእርሱ ዘንድ ለመድረሳችን የመጣ ነገር የለም። አልሐምዱሊላህ፤ ልጆቹ ዛሬም ይቀራሉ።

በልጅቷ ቦታ ሌላ ወጣት መቀጠሯን ስሰማ እናቷን ፈልጌ አገኘሁና ስለ ሕጉ ነገርኳቸው። በቅዳሜ ከሰዓት የትልልቅ ሴቶች ቂርአት ላይም፣ ከትምህርቱ በኋላ እነዚህን ጥቂት ነገሮች እናገራለሁ። ነገር ሲጀምር ቀኑንና የተባለውን ጻፉ። ለምታምኑት ሰው በጊዜው ንገሩ፤ ያ ሰው ነገ ምስክር ይሆናል። ከዩሱፍ ቀሚስ እንማር፤ ማስረጃችሁን አትጣሉ፤ የላከውን መልእክት አታጥፉ። በዳዩ የሥራ ባልደረባ ከሆነ ለአሠሪው በጽሑፍ አመልክቱና ቅጂውን አስቀሩ። ሥራ የምትለቁ ከሆነ እውነተኛውን ምክንያት ጻፉ፤ 15ቱ የሥራ ቀናት ሳያልፉ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የሆነች ደግሞ በራሷ አዋጅ ስለምትተዳደር በመሥሪያ ቤቷ በኩል በዲሲፕሊን ታመልክት።

ለአሠሪ ወንድሞቼም የምለው አለኝ። ወንድና ሴት ብቻቸውን ሲሆኑ ሦስተኛው ሸይጣን እንደሚሆን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስጠንቅቀዋል። ሒሳብ የሚመረመረው በሩ ተከፍቶ፣ ሌላ ሰው ባለበት ይሁን። በእጃችሁ ያለችው የሰው ልጅ አማና ናት፤ እንጀራዋን በእጃችሁ ያደረገው አላህ ነገ ይጠይቃችኋል።

ለመሰሎቼ ኡስታዞችም አንድ ቃል ልጨምር። ሰው ተበድሎ ሲመጣባችሁ “ሶብር አድርጊ” ከማለታችሁ በፊት፣ ሶብር እንድታደርግ የምትፈልጉት ለእርሷ ነው ወይስ ለራሳችሁ ምቾት፣ ልባችሁን ጠይቁ። የእኔ ልብ ያን ቀን ቆርቆሮው ላይ ነበር።

ልጅቷ ዛሬ በሌላ ቦታ ትሠራለች፤ ደመወዟ ከድሮው ያንሳል። ታናሽ እህቷ እኔ ዘንድ ትቀራለች፤ በቅርቡ ሱረቱ ዩሱፍ ላይ ደርሳለች። እኔም ማመልከቻ መጻፌን አልተውኩም፤ ነገር ግን ከመጻፌ በፊት ምክንያቱን በደንብ እጠይቃለሁ፤ የነገሩኝንም እንደነገሩኝ እጽፋለሁ።

አላህ የጻፍኩትን ያን ደብዳቤ ይቅር ይበለኝ፤ ለተበደሉት እህቶቻችን ሐቃቸውን ያስመልስላቸው፤ እኛንም ከበዳይ ጎን ከመቆም ይጠብቀን። አሚን።